ከስምንት መቶ አይበልጥም

የሂሳብ አስተማሪዋ ሄሱን ለዕረፍት ከከተማ መጥታ በኖክዶ ደሴት ወደብ ስታልፍ፣ አጎቷ ቶክማን ከገዛ ሚስታቸው ከወይዘሮ ፑንሬ ጋር ሲከራከሩ አገኘቻቸው። ባለፈው ገበያ ሴቶቹን የሚያሻግሩባት ጀልባቸው ውሃ ስላስገባች ፑንሬ ዳግም አልሳፈርም ብለዋል። ሌሎቹም ሴቶች እሳቸውን አይተው፣ የባሕር አረም የሞላበት ቅርጫታቸውን ይዘው ዳር ቆመዋል።

ሽማግሌውን ሆድ ባሳቸው። ሴቶቹ ከቀሩ ጀልባዋ ከማገዶ ሌላ ምን ትረባለች? ሠሪዋ ከስምንት መቶ ኪሎ በላይ እንዳይጭኑ ነግሯቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ጭነት የሚመጥኑት በዓይናቸው ነው። ሄሱን ከሰል አንስታ ልኩን ልጻፍልዎት ስትላቸው ሳቁባት።

«ልጄ፣ በሚቀጥለው ገበያ ስንት ሰው እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ አጎቴ።»

«ታዲያ የማታውቂውን እንዴት ትጽፊዋለሽ?»

«የማላውቀውንማ በፊደል እተካዋለሁ። ሰው ‹ሰ›፣ ቅርጫት ‹ቅ› ይሁን። አንድ ሰው ስልሳ ኪሎ፣ አንድ እርጥብ ቅርጫት አርባ ኪሎ ብንል፣ ድምሩ ከስምንት መቶ አይበልጥም። የምጽፈው ወሰኑን ነው።»

በጀልባዋ ጎን ላይም 60ሰ + 40ቅ ≤ 800 ብላ ጻፈች። ቶክማን ጎንበስ ብለው ያችን ጠማማ ምልክት ምንነቷን ጠየቁ። እኩል መሆን ይቻላል፣ ማለፍ ግን አይቻልም ማለት ናት አለቻቸው። መልሱስ ስንት ነው ቢሏት፣ መልሱ ብዙ ነው፤ ሰው ሲበዛ ቅርጫት ይቀንሳል አለች። ብዙ መልስ ያለው ሂሳብ ሰምተው አያውቁም ነበርና ነገሩ ጣማቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቻችን ሂሳብን የምንሸሸው አንድ መልስ ብቻ ያለው እየመሰለን ነው።

ዳር የቆሙት ሴቶች ከፑንሬ ጋር ስድስት፣ ቅርጫቱ አሥራ አንድ። ሽማግሌው በጣታቸው ደመሩ፤ ልክ ስምንት መቶ።

«እኩል ይቻላል ብለሻል። ባለፈውም የጫንኩት ይህንኑ ነበር። ታዲያ ውሃው ለምን ገባ?»

ሄሱን ግራ ገባት። ቅርጫቶቹን አየች፣ ሴቶቹን አየች፣ በመጨረሻ አጎቷን አየች።

«አጎቴ፣ የቀዘፈው ማን ነበር?»

«ማን ይቀዝፋል? እኔ ነኛ!»

በዚያ ሁሉ ዘመን ራሳቸውን ቆጥረው አያውቁም። ከሰሉን ተቀብለው ሰውን ሰባት አደረጉት። አንድ ቅርጫት ቢያወርዱ ገና ስምንት መቶ ሃያ ነው፤ ሁለት ሲያወርዱ ሰባት መቶ ሰማንያ ሆነ። የወረዱትን ተመልሼ እወስዳለሁ አሉ።

ፑንሬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቀድመው ገቡና ባላቸውን በልጃቸው ስም ጠሯቸው።

«የዮንግሆ አባት፣ እስከ ዛሬ እኛን ብቻ ነበር የሚያሻግሩት። ዛሬ ገና እርስዎም ተሳፈሩ።»

ወሰንን ሳይጭኑ በፊት መጻፍ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ዓይን የለመደውንና የዘለለውን ሁሉ ያስቆጥራል። ከዚያ ወዲህ በዚያች ጀልባ ቀሚሷ የራሰ ሴት የለችም። ቶክማንም ተሳፋሪ ሲቆጥሩ፣ አንድ የሚሉት የገዛ ደረታቸውን ነክተው ነው።