ሦስተኛው ጣሳ

ቦታው ‹አህያ ፈጅ› ከሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት አናት ላይ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ጊዜው ድንጋይ ላይ ዕንቁላል የሚጠበስበት ቀትር ነው፤ ባሏ በመኪና አደጋ ከሞተ አራት ዓመት የሆናት ወይዘሮ አንጓች በረንዳዋ ላይ ምስር ትለቅማለች፤ ልጇን ክርስትና ያነሣላት አበልጇ ሾፌሩ ይርዳው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ፊቷ ተገትሯል።

ይርዳው፦ ፈርሚልኝ አልኩሽ እንጂ ነፍስሽን ስጪኝ አላልኩሽም፣ አበልጄ! አንዲት ፊርማ!

አንጓች፦ ቁጭ በል። ጥላህ ምስሩ ላይ እየወደቀ ጠጠሩ አልታይ አለኝ።

ይርዳው፦ ምን መቀመጥ አለ! ስምንት ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤት ስብሰባው ይጀመራል። ሦስት ሺ ሾፌር አዳራሹን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ እኔን ይጠብቃል።

አንጓች፦ የከተማው መኪና ባጃጁ ተቆጥሮ ስልሳ አይሞላም።

ይርዳው፦ እሺ፣ ሦስት መቶ።

አንጓች፦ ይርዳው።

ይርዳው፦ ሠላሳ! ሠላሳ ነው፣ በቃ! ግን ሠላሳውም በአንድ አፍ «አንተ ተናገርልን» ብለው መረጡኝ። አንድ እጅ ሳይቀር።

አንጓች፦ ምን ብለህ ልትናገርላቸው?

ይርዳው፦ ስለ ትንፋሽ መለኪያው ነዋ። እስከ ዛሬ ሾፌር ቀምሶ ቢገኝ «እስከዚህ ድረስ ይታለፋል» የሚል ገደብ ነበረ። አሁን ገደቡን ወደ ታች ሊያወርዱት ነው፤ ዜሮ አጠገብ። አንድ ጣሳ ጠላ የቀመሰ ሰው መሪ እንዳይነካ! እኛ ደግሞ የድሮው ይበቃናል እንላለን።

አንጓች፦ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ መኪና የለኝ።

ይርዳው፦ ፊርማ ግን አለሽ። ልብ ብለሽ ስሚ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ ዳኛ ቢያየው ያለቅሳል። «ሰው የሚገድለው አሥር ጣሳ ገልብጦ የሚነዳው ነው። እሱ ደግሞ ገደቡ ላይ ቢሆን ታች ቢሆን ግድ የለውም። ያለውን ሕግ ሳያስከብሩ ሌላ ሕግ ማውጣት ጨዋውን ሾፌር ማንገላታት ነው።» እህ? ሐሰት አለበት?

አንጓች፦ የለበትም።

ይርዳው፦ አላልኩሽም! ጠበቃ መሆን ሲገባኝ ነው እኮ ሾፌር ሆኜ የቀረሁት።

አንጓች፦ ታች ያለውስ? ስሜን አየሁት።

ይርዳው፦ እሱማ… መደምደሚያው ነው። «የሟች ደምሴ ባለቤት ወይዘሮ አንጓችም የባለቤታቸው አደጋ ከመጠጥ ጋር ግንኙነት እንዳልነበረው ይመሰክራሉ።»

አንጓች፦ ይመሰክራሉ።

ይርዳው፦ በአንቱታ ነው የጻፍኩሽ።

አንጓች፦ አየሁ። ይህን ሰፌድ ያዝልኝ፣ ጠጠሩን ልድፋ።

ይርዳው፦ አትቆጪም? ጩኺብኝ እንጂ! የሆነ ነገር በይ!

አንጓች፦ አይመጣም። አራት ዓመት ሙሉ እንደ ደነዘዘ እግር ነኝ። ሰው ይረግጠኛል፣ አላውቀውም። በተዝካሩ ለቅሶ ላይ «ፊቷ እንኳ አልረጠበም» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሱም አልገባኝ። አንተስ፣ ይሰማሃል?

ይርዳው፦ እኔማ! ልቤ አንበሳ ነው! ዛሬም ያንን ቁልቁለት ዓይኔን በጨርቅ ብታስሪኝ እወርደዋለሁ!

አንጓች፦ አህያ ፈጅ ስትደርስ እግረኛ ይቀድምሃል አሉ። የጌሾ ሸክም የያዘች አሮጊት «ልጄ፣ ተበላሸብህ?» ብላ ጠየቀችህ አሉ።

ይርዳው፦ ማን ነው እሱ ወሬኛ? … ነዳጅ ለመቆጠብ ነው።

አንጓች፦ እሺ።

ይርዳው፦ አበልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ሾፌሮቹ በፊርማሽም ያለ ፊርማሽም ይከራከራሉ። ወረቀቱን የፈለግሁት ለራሴ ነው። ያኔ ደምሴ የሞተ ዕለት ትራፊኩ ሲለካኝ ከገደቡ በታች ነበርኩ። ፍርድ ቤቱም «ንጹህ ነህ» አለኝ። አሁን ገደቡን ከኔ ቁጥር በታች ካወረዱት፣ ያ ቁጥር ምን ሊሆን ነው? በየሻይ ቤቱ «በአዲሱ ሕግ ቢሆን ኖሮ ይርዳው ገዳይ ነበር» ሊሉ ነው። አራት ዓመት ንጹህ ሆኜ ኖሬ ነገ ጠዋት ልቆሽሽ?

አንጓች፦ ትራፊኩ በስንት ሰዓቱ ነበር የደረሰው?

ይርዳው፦ የመኪናው ጎማ መሽከርከር እንኳ ሳያቆም!

አንጓች፦ ይርዳው።

ይርዳው፦ … ከሁለት ሰዓት በኋላ።

አንጓች፦ ሁለት ሰዓት ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠህ፣ ደምሴ ነጠላ ለብሶ፣ ትንፋሽህ ነፋስ ሲያገኝ ቆየ።

ይርዳው፦ መሣሪያው መሣሪያ ነው፤ ዋሽ ብዬ አላዘዝኩትም። ደሞ ፍየሏ ናት! በሬ የምታህል ፍየል ከየት መጣች ሳልል ፊቴ ተደነቀረች። ፍሬን ያዝኩ። ያዝኩ እኮ!

አንጓች፦ ያዝክ። ዘግይተህ ያዝክ።

ይርዳው፦ ዓይን እስክትርገበገብ ያህል።

አንጓች፦ ስንት ነበር የጠጣኸው?

ይርዳው፦ ስንቴ ትጠይቂኛለሽ? ሁለት ጣሳ። ለፖሊስም ሁለት፣ ለዳኛም ሁለት፣ ለንስሐ አባቴም ሁለት።

አንጓች፦ አንተን ሠላሳ ዓመት አውቅሃለሁ። የያዝከው ዓሣ አዞ ይሆናል። የነከሰህ ውሻ ጅብ ይሆናል። ሠላሳውን ሾፌር አሁን ፊቴ ሦስት ሺ አደረግኸው። እንዲህ ያለ ሰው ጠላ ጠጣሁ ሲል አንድ ጋን ይላል እንጂ ሁለት ጣሳ አይልም። በዕድሜህ ያሳነስከው ቁጥር ይህ ብቻ ነው።

ይርዳው፦ ስብሰባው ሊጀመር ነው፣ አበልጄ።

አንጓች፦ ቤቴ ነው የጠጣኸው። የሚካኤል ጽዋ ተራው የኛ ነበር። እኔ ነኝ የቀዳሁት። ስንት ነበር?

ይርዳው፦ አንጓች፣ ተይው።

አንጓች፦ ስንት?

ይርዳው፦ ሦስት።

አንጓች፦ ሦስት።

ይርዳው፦ ሰማሽ? ደስ አለሽ?

አንጓች፦ ምንም አላለኝም። ለምን ሁለት አልክ? ከሁለትም ከሦስትም መሣሪያው ነጻ አውጥቶሃል።

ይርዳው፦ ሦስት ካልኩ «ሦስተኛውን ለምን ጨመርክ?» ብለው ይጠይቁኛላ። ምን ልል ነው? አበልጄ ግድ አለችኝ ልበል? ባሏ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን?

አንጓች፦ በሞቴ ነው ያልኩህ።

ይርዳው፦ ይረሳል ብዬ ነበር።

አንጓች፦ ጣሳውን በእጅህ ከድነህ «በቃኝ፣ ሰው ጭኜ እወርዳለሁ» አልክ። ደምሴም «ተይው፣ ይነዳል» አለ። እኔ ግን እንግዳ ሳይጠግብ ሲወጣ ስድብ ይመስለኛል። «በሞቴ፣ ይህቺን ብቻ» አልኩ። አንተ ደግሞ ምን አልክ?

ይርዳው፦ ምን አልኩ?

አንጓች፦ ሳቅህና ለማኅበርተኛው ሁሉ «ሕጉም እስከዚህ ይፈቅዳል፤ ገና ሁለት ጣሳ ይተርፈኛል» አልክ። እኔም «እንግዲያው መንግሥት ከፈቀደ እኔ ማን ነኝ» ብዬ እስከ አፉ ሞላሁልህ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ደምሴም ሳቀ። እንግዶቹን ልሸኝ ብሎ ጋቢና አጠገብህ ገባ።

ይርዳው፦ ጠላሽ ቀጭን ነበር። ውሃ በይው።

አንጓች፦ ጌሾው የከረረ ነበር። እኔ ነኝ የጠመቅሁት።

ይርዳው፦ ሌሎቹ አንድ ጭረት እንኳ አላገኛቸውም። እሱ ብቻ። እኔም አንዲት ጣቴ ናት የተሰበረችው፤ ያችም ድናለች። አንዳንዴ ባትድን ይሻል ነበር እላለሁ። … ከዚያ ወዲህ ጠላ አፌ አልገባም። ቃል ገብቼ አይደለም፤ ጣዕሙ ጠፋኝ። ጠላም ውሃም አንድ ሆነብኝ።

አንጓች፦ እኔም መጥመቅ ተውኩ። ለካ አንተም ደንዝዘሃል።

ይርዳው፦ ታዲያ ምን ልበል እኔ? ገደቡ ዝቅ ቢል ደምሴ አይነሣ!

አንጓች፦ አይነሣም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን ቀን ገደቡ ዜሮ ቢሆን ኖሮ፣ በሞቴ ስልህ ምን ትለኝ ነበር?

ይርዳው፦ «አይቻልም፣ ሕግ ነው» እል ነበራ።

አንጓች፦ እኔስ?

ይርዳው፦ … ለሕግ በሞቴ አይባልም።

አንጓች፦ አይባልም። ቅሪቦ እሰጥህ ነበር፤ ተሳስቀን እንለያይ ነበር። ገደቡ ከፍ ያለ ጊዜ ግን እኛ መለኪያ አደረግነው፤ «ገና ነው፣ ገና ነው» እያልን እስከ አፉ ሞላን። የሰካራሙን ጉዳይ አላውቅም፤ የጻፍከው ልክ ነው፣ እሱን ሕግ አይዘውም። እምቢ ማለት የሚከብደውን ጨዋ ሰው ግን ይይዘዋል። አንተን ይይዝህ ነበር። እኔንም ይይዘኝ ነበር።

ይርዳው፦ ይህን እዚያ ቆሜ ልናገር? ሠላሳ ሾፌር በቁሜ ይቀብረኛል!

አንጓች፦ ሦስት ሺ ነበር ያልከው።

ይርዳው፦ አትቀልጂብኝ። … እሺ፣ ወረቀቱን እቀደዋለሁ። ይኸው፣ ቀደድኩት። ካስፈለገም ቆሜ «ገደቡ ይውረድ» እላለሁ። ሦስተኛውን ጣሳ ግን አላወጣም። አንቺን በሰው አፍ አልጥልም። እስከ መቃብሬ ሁለት ነው የምለው፣ ሁለት!

አንጓች፦ አንተ ሁለቱን ተናገር። ሦስተኛውን እኔ እናገራለሁ። ያችን ነጠላዬን አቀብለኝ።