ሃያ ስምንት ገበሬ በአንድ ወረቀት

አቶ ይሁኔ ሐሙስ ረፋድ ላይ ከሮቢት ቆቦ የመጡት አንድ ጥቅል ፕላስተር ፍለጋ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጎራ ሲሉ፣ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠች ልጅ ብድግ አለች። የጎረቤታቸው የሞላ ልጅ ወሰንየለሽ ናት። ኮሌጅ ጨርሳ ቆቦ ትጽፋለች ሲባል ሰምተዋል እንጂ ሱቁን አያውቁትም ነበር።

"ውይ ጋሽ ይሁኔ! ምን እግር ጣለዎት?"

"ፕላስተር ልጄ። ይቺን ጉድ እንደገና ላጣብቃት ነው።"

ከብብታቸው ያወጡት ወረቀት ሲዘረጋ ባንኮኒውን ሸፍኖ ጫፉ ተንጠለጠለ። አራት ወረቀት ጎን ለጎን ተጣብቆ የተሠራ የመስኖ ተራ ማውጫ ነው። ሃያ ስምንት ገበሬ ከአንድ የጉድጓድ ፓምፕ ያጠጣል፤ አቶ ይሁኔ ደግሞ የማኅበሩ ጸሐፊ ናቸው። በግራ በኩል ስም ከላይ ወደ ታች ተደርድሯል። ከላይ "ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት" እያለ እስከ እሁድ የሚሄድ ረጅም ርዕስ አለ፤ እንዲህ ያለ ርዕስ ቀንና ሌሊቱ ተቆጥሮ ሃያ ስምንት ነው፣ ለአንድ ገበሬ አንድ ተራ። ሰውየውና ተራው በሚገናኙበት ሣጥን ውስጥ ያለችው ግን አንዲት ራይት ብቻ ናት።

"እጅዎ እንዴት ያምራል ጋሼ! መስመሩስ!"

"ተይው ልጄ። እጄ እንጂ ልቤ ከድቶኛል።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ያለፈው ቅዳሜ አስረሳሽ ተራዬ ነው ብላ መጣች። እሷ ማንበብ ስለማትችል በቃሌ ነግሬያት ነበር። ፈሪድም ወረቀቱን አይቶ ተራዬ ነው ብሎ መጣ። አካፋ ለአካፋ ተማዘዙ! ሰው ገብቶ ገላገለ፤ ውሃው ግን ለማንም ሳይሆን ቀረ። ሮጬ ወረቀቱን ባየው ራይቷ ፈሪድ ላይ ናት። በገዛ እጄ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። የአስረሳሽ ሽንኩርት ጠውልጓል፣ ፈሪድ አደላብኝ ብሎ ሰላምታ ነስቶኛል። ነገ ስብሰባ አለ። ይቺን አሳምሬ አስረክቤ እለቃለሁ። አርጅቻለሁ።"

እኒህ ሰው በአሥራ አንድ ዓመት የጸሐፊነት ዘመናቸው አንድ ቀን አድልተው የማያውቁ ናቸው። ከፈሪድ ኩርፊያ ይልቅ የጎዳቸው፣ የራሳቸውን ጭንቅላት ማመን ማቆማቸው ነበር።

ወሰንየለሽ ማስመሪያ አንስታ ከፈሪድ ስም ጀምራ ወደ ቀኝ ዘረጋችው። አንደኛውን ወረቀት አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛውንም አለፈ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ከንፈሯን ነከሰች።

"ጋሼ፣ እስቲ ይዩ። አራተኛው ወረቀት አንድ መስመር ወደ ላይ ከፍ ብሎ ነው የተጣበቀው። አሥረኛዋ የአስረሳሽ መስመር ከዘጠነኛው ከፈሪድ ጋር ተገጥማለች። እርስዎ ራይቷን ያኖሩት በትክክል ነው።"

"አልተሳሳትኩም?"

"ሲያጣብቁ እንጂ ሲጽፉ አልተሳሳቱም።"

አቶ ይሁኔ ዱካ ስበው ተቀመጡ። ጥምጥማቸውን አውልቀው ፊታቸውን አበሱበት። "ተመስገን፣ ተመስገን" እያሉ ቆዩና ድንገት ነቃ አሉ። "በይ እንግዲያው ፕላስተሩን ስጪኝ፤ አሁን ተጠንቅቄ አጣብቃለሁ።"

"ከነጭራሹ ባይጣበቅስ? በአንድ ወረቀት ላውጣልዎ።"

"በአንድ ወረቀት! ሃያ ስምንት ገበሬ የሚተዳደርበት ሰነድ የደብተር ቅጠል ሊያክል? ሰው ይንቀዋል ልጄ። ይሄኮ ግድግዳ ይሞላል።"

"ግድግዳ ሞልቶ ሰው አጣላ እኮ ጋሼ። ሰው የሚያከብረው የሚገባውን ነው። ደግሞ ይዩት፣ ወረቀቱን ያሰፋው ርዕሱ ነው፤ ከሥሩ ያለችው ራይት የጤፍ ፍሬ ታህል።"

አቶ ይሁኔ ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። አሥራ አንድ ዓመት ሲያሰምሩ ለርዕሱ ብለው ባዶ ሜዳ ሲያርሱ እንደኖሩ ያን ጊዜ ገባቸው። ሽንፈትን ግን ቶሎ የሚቀበሉ ሰው አይደሉም።

ልጅቷ ስሙንና ሰዓቱን ጽፋ ስትጨርስ ዓምዶቹን አጠበበቻቸው። ርዕሶቹ ተሰባበሩ፤ ፊደሉ አንድ አንድ እየሆነ ወደ ታች ተንጠባጠበ።

"ይኸው!" አሉ አቶ ይሁኔ እያጨበጨቡ። "እስቲ ይሄን ማን ያነበዋል? በሉ የኮምፒውተር ሰዎች!"

"ይታገሡኛ!" ብላ ሳቀች። የርዕሱን መስመር ከዳር እስከ ዳር መረጠች፤ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ የጽሑፉን አቅጣጫ አዞረች፤ የመስመሩን ቁመት ከፍ አደረገች። ሃያ ስምንቱም ርዕሶች በአንዴ ተነሥተው ቆሙ።

"አጃኢብ!" አቶ ይሁኔ ከዱካው ተነሡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አጠለቁ። "ኧረ አጃኢብ ነው! ሁሉም ባንድ ጊዜ? ማን አዘዛቸው?"

"እኔ ነኛ! አሁን ደግሞ ከሥር ላስጠጋቸው፤ እያንዳንዱ ከራሱ ዓምድ አናት ላይ ይቀመጥ። ራይቶቹንም መሐል ላይ ላድርጋቸው።"

ገና አፏን ሳትዘጋ ሆነ። የተንዛዛው ሰንጠረዥ ተሰብስቦ ከነግራ ከነቀኙ በአንድ ገጽ ገባ። አቶ ይሁኔ ሊነኩት እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡ።

"ግን የሰው አንገት አይጣመምም?"

"ርዕሱን ለማንበብ ለአፍታ ዘንበል ይላሉ። ስምዎንና ራይትዎን ግን ቀጥ ብለው ነው የሚያዩት፤ መስመሩም የትም አይቆረጥም።"

"እንግዲያው ስሙንም አቁሚው! ሁሉንም አቁሚልኝ!"

"ኧረ በማርያም! ስም ቦታ አለው፣ ተኝቶ ይነበብ። የሚቆመው ቦታ የጠበበው ብቻ ነው።"

"እሺ፣ እሺ፣ አልቸኩልም" አሉ እንደ ተማሪ እጃቸውን አጣምረው። ወረቀቱ ከማተሚያው ትኩሱን ሲወጣ ደግሞ እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ማኅበርተኛው ከፓምፑ ቤት ጥላ ሥር ተሰበሰበ። አቶ ይሁኔ ጥፋቱ ከማጣበቅ የመጣና የእሳቸው መሆኑን አንድም ሳይደብቁ ተናገሩ፤ አዲሱንም ወረቀት ዘረጉት። አንዱ "ይቺ ብቻ?" ብሎ ሳቀ። ፈሪድ ግን አልሳቀም። ጣቱን ከስሙ ላይ አሳርፎ ሳያነሣ ወደ ቀኝ ነዳው፤ ራይቷ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ወጣ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ "እሁድ ከጠዋቱ" ብሎ አነበበ። እንደገና ከመጀመሪያው ሞከረው። ያው እሁድ ነው።

ልብ ላለው ሰው ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ወረቀት የሚበቃውን ያህል ሲሆን ጣት አይስትም፣ ጣት ካልሳተ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ አካፋ አያነሣም። ሰውም በፕላስተር ጥፋት አረጀሁ ብሎ ራሱን አይጥልም።

"ጋሼ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" አለ ፈሪድ መሬት መሬቱን እያየ። "ያደላሉ ብዬ በየሰዉ ቤት አውርቻለሁ።"

"አውፍ ብያለሁ ልጄ። አስረሳሽን ግን አንተው ንገራት።"

አስረሳሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዳር ቆማ ነበር። ፈሪድ ወረቀቱን ይዞ ሄደና ጣቷን ከስሟ ላይ አኖረው፤ ቀስ አድርጎ በመስመሩ ላይ ወሰደው፣ ከራይቷም ወደ ላይ አወጣው።

"ይህ ምን ይላል?" አለችው።

"ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል፣ እህቴ። ነገ ማለት ነው። ወላሂ፣ ቦዩን ራሴ መጥቼ እከፍትልሻለሁ።"