ዓይን ጨፍኖ የተመረጠ ጠመንጃ

ሐርላ ወጥቼ ድኩላ ላድንበት ብዬ፣ የመጀመሪያዬን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ልገዛ ከዚራ ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው የአርመኑ የሙሴ ሱቅ ገባሁ። ዓይኔ ሰደፉ ላይ አንበሳ የተቀረጸበት ጠመንጃ ላይ አረፈ። «እሱን ነው የምፈልገው» አልኩት።

«ጨፍነህ አነጣጥር» አለኝ። አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሁለቱንም ጨፍነህ ትከሻህ ላይ አድርገው፤ ከዚያ ግለጥ።»

ስገልጥ አፈሙዙ የሱቁን ጣሪያ ያያል። «ይሄ ለሌላ ሰው ትከሻ የተሠራ ነው» ብሎ ተቀበለኝና ጌጥ የሌለው፣ ሰደፉ የተጫጫረ አሮጌ ጠመንጃ ሰጠኝ። ጨፍኜ አነሳሁት። ስገልጥ፣ በበሩ አሻግሮ ልክ የባቡር ጣቢያው ሰዓት ላይ አርፏል።

«ይሄኛው አወቀህ» አለኝ ሙሴ።

ሙሴም የለም፣ ጠመንጃውም ከእጄ ከወጣ ቆየ። ዛሬም በዚያ በር ሳልፍ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ከዘራዬን ትከሻዬ ላይ አደርጋለሁ። መንገደኛው ይስቅብኛል። ስገልጥ የከዘራዬ ጫፍ ልክ የጣቢያው ሰዓት ላይ ነው።