ኮት የያዘው ወንበር

በትክክል ላላስታውሰው እችላለሁ፤ ኮቱ ግራጫ ይሁን ቡናማ እንኳን እርግጠኛ አይደለሁም። ሲሬ ላይ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው አውቶቡስ ሞልቶ ባዶ የቀረው አንድ የፊት ወንበር ብቻ ነበር። እሱንም ሻይ ሊጠጡ የወረዱ አንድ ሹም ኮታቸውን ጥለው ይዘውታል። አንዲት ባልቴት በሩ ላይ ቆመው፣ ልጃቸው ነቀምቴ ሐኪም ቤት ተኝታለችና እንዲያሳፍራቸው ረዳቱን በኦሮምኛ ይለምናሉ። እስከ ነገ ሌላ አውቶቡስ የለም። ረዳቱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛ አያውቅም። «ቦታ የለም፣ እማማ» አላቸው። ባዶውን ወንበር በጣታቸው ሲያሳዩት ደግሞ ተናደደ። «ኮቱ፣ ኮቱ አይታይሽም?»

በኦሮምኛ «ኮቱ» ማለት «ነይ» ማለት ነው። ባልቴቷ «ገላቶሚ፣ ኢልማ ኮ» ብለው፣ ልጄ ብለው አመስግነውት ገቡና ኮቱን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ረዳቱ ሊያስነሳቸው ሲል ከኋላ አንዱ «አንተው ጠርተሃቸው? ያውም ሁለት ጊዜ» አለው። ሹሙ ተመልሰው ሲቆጡ ያው ሰውዬ «ጌታዬ፣ አይስጉ፤ ኮትዎ ተቀምጦ ነው የሚሄደው» አላቸው። ሹሙም እስከ ነቀምቴ ቆመው ሄዱ። ሰው ፊት ድምፄን የማላሰማው እኔ እንኳን አጨበጨብኩ።

ባልቴቷ እውነት ተሳስተው ይሆን እያልኩ ስጠራጠር ቆየሁ። በኋላ ነቀምቴ ገበያ አየኋቸው። ልጃቸው ድና አጠገባቸው ቆማለች፤ እሳቸው ከአንድ ጉራጌ ባለሱቅ ጋር ጥርት ባለ አማርኛ ይከራከራሉ።