ሦስተኛው አልጋ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን፣ ወይዘሮ ውብነሽ፣ የጥጥ እርሻው ሠራተኞች በሙሉ! ንግግሬን እንዳሳጥር ታዝዣለሁ። ያዘዙኝም ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ራሳቸው ናቸው። «ስማ ቢሰጥ፣ ብዙ አትቁም፤ ምሳ አልበላህም፣ ያዞርሃል» አሉኝ።

ጋሼ ሀብተ ሥላሴ ለክሊኒካችን ድሬሰር፣ ያው ሐኪማችን፣ ሆነው የመጡት በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ ነው። እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም፤ ታሪኩን የነገረን ሾፌራችን ሀሰን ነው። ሀሰን ወሬ ሲያወራ ይጨምራል እንጂ አይቀንስምና ግማሹን ብቻ እነግራችኋለሁ። ጋሼ የደጋ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ በሀሰን መኪና ተሳፈሩ። እርሻው ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ጎማ ፈነዳ። «በሽተኛ ይጠብቀኛል፣ በእግሬ እቀድምሃለሁ» ብለው በስድስት ሰዓት ፀሐይ ተነሡ።

ሀሰን፣ «ኧረ በአላህ ጌታዬ፣ ግመሉ እንኳ ጥላ ይዟል!» ቢላቸው ማን ሰምቶት!

የቦይ ዘበኛችን ሁመድ ነው ግራር ሥር ተዘርረው ያገኛቸው። ወተት አጠጥቶ፣ ደግፎ ክሊኒክ አደረሳቸውና ሦስተኛው አልጋ ላይ አጋደማቸው። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ሮጦ መጥቶ «ሐኪሙ ደረሰ?» ሲል ሀሰን ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ሐኪሙን እንጃ ጌታዬ፤ በሽተኛው ግን ደርሷል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ ፀሐይን ያከብራሉ። ሰላምታ የሚባል ነገር ግን እስከ ዛሬ አያውቁም። «እንደምን አደርክ» የለም፤ «ምላስህን አውጣ!» ነው። ባለፈው ጥር በባልደረባችን በፅጌረዳ ሠርግ ሙሽሮቹን ለመሳም ተሰልፈን ሳለ፣ እሳቸው የሙሽሪትን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገው «ደም አንሶሻል፤ ጉበት ብዪ» አሏት። ሚዜዎቹ «ጋሼ፣ ስጦታው የታል?» ሲሏቸው «አሁን ሰጠኋት እኮ!» ብለው አረፉት።

እሑድ ቢሮ የተገኘ ወጣትማ ወዮለት! ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በመስኮት ብቅ ይላሉ።

«ስማ! እግዚአብሔር ሰማይና ምድርን ፈጥሮ በሰባተኛው ቀን አረፈ። አንተ ምን ፈጥረህ ነው ማረፍ ያቃተህ?»

«ጋሼ፣ አንዲት ደብዳቤ ብቻ ቀርታኝ…»

«ዓለም እስከ ሰኞ አትፈርስም። የያዛት ሌላ ነው፤ አንተ አይደለህም። ውጣ!»

እንስቃለን እንጂ ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት አባቴ ሞተው ሦስት ታናናሾቼ በእኔ እጅ ወደቁ። የውሃ ክፍል ኃላፊ ካልሆንኩ ሰው አልባልም ብዬ የራሴን ፈረቃ ጨርሼ የሰውም እሠራ ነበር። እሑድ የለ፣ በዓል የለ። እንቅልፍ ሸሸኝ። አንድ ጠዋት የማይከፈተውን የቦይ በር ከፍቼ ማሳ ዳር የተከመረውን የተለቀመ ጥጥ ሁሉ ውሃ አስመታሁት። ሣጥኔን ይዤ መንገድ ዳር ግራር ሥር ቁጭ አልኩ። ወደ ጠረፍ በሚያልፍ መኪና ተሳፍሬ ልጠፋ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ ወዲያ መኖርም አስጠልቶኝ ነበር።

ጋሼ መጥተው አጠገቤ አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ምላስህን አውጣ አላሉኝም።

«ነቢዩ ኤልያስም በረሃ ገብቶ ዛፍ ሥር ሞቱን ለምኗል» አሉኝ። «መልአኩ ተቆጣው?»

«እንጃ ጋሼ።»

«አልተቆጣውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት። በልቶ መልሶ ተኛ፤ መልአኩም ተወው። እኔ ከመልአክ በልጬ ልቆጣህ ነው? ይልቅ ትጸልያለህ?»

«አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

«እንግዲያው ዛሬ እኔ እጸልይልሃለሁ፤ አንተ ተኛ።»

ሦስተኛው አልጋ ላይ ሦስት ቀን ተኛሁ። ሥራ አስኪያጃችን፣ ይቅርታዎን፣ ይህችን ሳልናገር አልወርድም! እርስዎ በቁጣ ክሊኒኩ ድረስ መጡ። ጋሼ በር ላይ ቆመው «አይገባም፤ ልጁ ተላላፊ በሽታ አለበት» አሉዎት።

«ምን በሽታ?»

«ዕረፍት ማጣት። ከእርስዎ ነው የተላለፈበት።»

እርስዎም እግዜር ይስጥልኝ፣ ስቀው ተመለሱ፤ ከሥራም አላባረሩኝም። ስነቃ ያበላሸሁት ጥጥ እንደተበላሸ ነበር፣ ታናናሾቼም እኔኑ ይጠብቁ ነበር፤ እኔ ግን ቁርስ አማረኝ። ከዚያ ወዲህ እሑድ የእግዚአብሔር ነው፤ ደግሞ የእንቅልፌ። ጋሼ፣ በሕይወት ያቆዩኝ እርስዎ ነዎት። እዚህ ከተቀመጡት ወጣቶች ያ አልጋ ላይ ያልተኛ ስንቱ ነው? እጁን ያውጣ እስኪ! ይኸው፣ አንድም የለ።

አሁን ወደ ክሱ ልግባ። ጋሼ ራሳቸው በአሥራ ሁለት ዓመት ያረፉት የመጡ ዕለት ብቻ ነው፤ እሱንም ራሳቸውን ስተው! ለፋሲካ እኛን ሁሉ ወደየቤታችን ይሸኙና «ክሊኒኩን ማን ይጠብቃል?» ብለው ይቀራሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብነሽ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሆነው ስንት ፋሲካ ለብቻቸው ፈስከዋል። ትናንት ደግሞ እሳቸውን የሚተካው፣ ከተማ የሚባለው አዲሱ ድሬሰር ጉድ አመጣልን። ጋሼ «ሰኞ ጠዋት ብቅ ብዬ አግዝሃለሁ» ብለውታል!

ወይዘሮ ውብነሽን «ምን እናድርግ?» ብንላቸው፣ «እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ለመንኩት። እስኪ ደግሞ እናንተ ሞክሩ» አሉን።

ሞከርን። ጋሼ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመልከቱ። የሀሰን መኪና ላይ የተጫነው ምንድን ነው? አዎ፣ ሦስተኛው አልጋ! ሥራ አስኪያጃችን ፈቅደዋል፣ ጠፍሩን ሁመድ አዲስ አድርጎ ወጥሮታል፤ ለአዲሱ ድሬሰርም ሌላ አልጋ ገብቶለታል። አልጋው ዛሬውኑ ከእርስዎ ጋር ቤትዎ ይገባል። ሰኞ ክሊኒክ ቢመጡ ሁመድ በር ላይ ነው፤ «አይገባም» ማለትን ከእርስዎ ተምሯል።

በሉ እንነሣ! ጠጅ የያዘ ጠጁን፣ ብርዝ የያዘ ብርዙን ከፍ ያድርግ። ለጋሼ ሀብተ ሥላሴ ጤና፣ ለወይዘሮ ውብነሽ ሁለት ሆነው ለሚፈስኩበት ፋሲካ! ያሳረፉንን እግዚአብሔር ያሳርፍልን፤ በልጅ በልጅ ልጅ ተከበው ያርጁ።

ጋሼ፣ ምላስዎን ያውጡ እስኪ… ያውጡ እንጂ! እንደጠረጠርኩት ነው፤ ድካም ነው። እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እኛ እንጸልይልዎታለን፤ እርስዎ ይተኙ።