ዳንቴሉን ለአባይነሽ ሳስረክብ

ክቡር አቶ ደገፉ፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ኃላፊያችን፤ ክቡራትና ክቡራን፤ የሹራብ ማኅበራችን እህቶቼ፤ ይህን ሁሉ ደግሳችሁ ስለጠራችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። በወላይትኛም ጋላታይስ፣ አመሰግናለሁ!

ንግግር አልችልም። ደግሞ ልቤ እዚህ አይደለም፤ ጥጉ ላይ ካለው ጠረጴዛ ነው። ለሻንቶ ከተማዋ ሙሽራ የጀመርኩት የዳንቴል ሻርፕ እዚያ አለ። ሰርጉ እሑድ ሳምንት ነው። እኔ ደግሞ እጄ እየደነዘዘ መርፌ አልይዝ ብሎኝ ሐዋሳ ልጄ ዘንድ መሄዴ ነው። እንቅልፍ ያሳጣኝ ስንብቱ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ሻርፕ ነው።

ምኑ ያስፈራል ትሉ ይሆናል። ያስፈራል እንጂ! የእኔ እጅ ላላ ያለ ነው። የምትጨርስልኝ አባይነሽ ግን ክሩን እንደ ጠላት ነው የምታንቀው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው! ተራ ሹራብ ቢሆን ማንም አያውቅብንም። ዳንቴል ግን ሁለመናው ቀዳዳ ነው፤ እጅ ሲቀየር ቀዳዳው ይጠብና መሀሉ ላይ መስመር ይወጣል። ሙሽራ ትከሻ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ!

ያ በገመድ የተያያዘው፣ ጫፉ እየተፈታ የሚቀያየረው መርፌ በካርቶን የመጣ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? እንጨቱ ይሻላል፣ ብረቱ ይሻላል ብለን ግምገማ የተቀመጥነው? አቶ ደገፉ እንኳ «ኮሚቴ ይቋቋም ወይ?» ብለው አሹፈውብናል። ብረቱ ይፈጥናል፣ ግን ያንሸራትታል፤ ከመርፌው ያመለጠች አንዲት የክር ዐይን ደግሞ እስከ ታች ትተረተራለች። ለዳንቴሉ እንጨቱን መረጥኩ፤ ሁለት ዐይን አንድ ላይ የሚያነሳውን ሹሉን። ክር እንዳይዝም የጫፉንና የገመዱን መጋጠሚያ በጥፍሬ ደጋግሜ ፈተሽኩት።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን አባይነሽን ጠርቼ፣ «ጫፉን ፍቺና አንድ ቁጥር ወፈር ያለውን ግጠሚበት» አልኳት።

«ኧረ እትዬ ማርያማዊት፣ በሥራ መሀል? ዐይኑ ሁሉ ቢፈታስ?»

«ገመዱ ላይ አይደል እንዴ ያለው፣ የት ይሄዳል? አንቺ ስታጠብቂ መርፌው ያላላልሻል።»

«ቢበላሽስ?»

«ከተበላሸ አብረን እንጠፋለን!»

ይህን ያልኩት ላጽናናት ነበር። ጭራሽ አስደነገጥኳት።

ከዚያ እሷ ስትሠራ እኔ አጠገቧ ቆሜ «መጋጠሚያውን አጥብቀሻል? እርግጠኛ ነሽ?» እያልኩ ቁም ስቅሏን አሳየኋት። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አልቆ «ወይ ይዘውት ይሂዱ፣ ወይ ይተዉኝ!» አለችኝ። አኮረፍኳት። ግን እውነቷን ነበር።

ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ገባሁና ሻርፑን መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። የእኔ እጅ የቱ ጋ አለቀ፣ የእሷስ የቱ ጋ ጀመረ ብዬ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ። አጣሁት! ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። ያለ እኔም ያልቃል ማለት ነው እኮ።

ይሁን። እናንተን ያኑርልኝ። እጃችሁን አይመማችሁ፤ ሥራችሁ ገበያ አይጣ። ሴት ልጆቻችሁ ይህን ሙያ ወደውት ይያዙት እንጂ ቸግሯቸው አይሁን። የዚያችም ሙሽራ ትዳሯ ይስመር።

አባይነሽ፣ ምን ቁጭ ብለሽ ታለቅሻለሽ? እጅሽን ታጠቢና ሥራሽን ጀምሪ። እኔ ከዚህ በር እንደወጣሁ ቀጥታ ወደ መናኸሪያ ነኝ። ተመልሼ አላይልሽም።