መክት ደረጃው ላይ

(ደብረ ብርሃን፣ የእንስሳት ክሊኒክ ግቢ፣ ጠዋት፤ ፎቅ የሚያሠሩት ጋሽ ጓንጉል መጥረቢያ አንስተው፣ የጥበቃ ውሻቸው መክት ከጋሪ ወርዶ መሬት ላይ ተዘርሮ፣ ሐኪሟ ዘቢደር መሀላቸው ቆማ።)

ጓንጉል፦ ዞር በይ ብያለሁ! አንገቱን ልበለው!

ዘቢደር፦ መጀመሪያ የእኔን ይበሉታ።

ጓንጉል፦ እንግዲያው በመርፌሽ ግደይልኝ! ማታ ሌቦች ወንድሜን ፎቁ ላይ በገጀራ ሲተለትሉት ይሄ ከታች ሆኖ ይጮኻል። ጩኸት ገጀራ ይመልሳል?

ዘቢደር፦ ወንድምዎ ጋሽ ጥላዬ ተረፉ?

ጓንጉል፦ ሆስፒታል ነው። አንድ ዓይኑ ፈሷል! ደሙን ከግድግዳው ላይ አጥቤ መምጣቴ ነው።

ዘቢደር፦ እግዜር ይማራቸው። ግን ሳልመረምር አልገድልም። ለባለቤት የሚቀርብ መጠይቅ አለን፤ ይመልሱልኝና መርፌውን አመጣለሁ።

ጓንጉል፦ ለውሻ ደግሞ ቃል ይሰጥለታል?

ዘቢደር፦ ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። እሱ አመመኝ አይል፤ የሚናገሩለት እርስዎ ነዎት። ጠዋት ሲነሳ እንዴት ነው?

ጓንጉል፦ እንደ ባልቴት! ኋላውን እየጎተተ። በርግጫ ነው የማስነሳው።

ዘቢደር፦ ወገቡን ሲነኩትስ?

ጓንጉል፦ ያጉረመርማል። አንዴማ ነከሰኝ፤ በፌሮ አቀመስኩት።

ዘቢደር፦ እዚያው የሚያመው ላይ!

ጓንጉል፦ ጥጋብ ነው ብዬ ነዋ! ቶሎ ጨርሺ፣ እጄን እየበላኝ ነው።

ዘቢደር፦ ደረጃ ይወጣል?

ጓንጉል፦ ድሮ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይበር ነበር። ከክረምት ወዲህ አንዲት ደረጃ አልረገጠም። ሥጋ ባሳየው እንኳ ከታች ሆኖ ማልቀስ ነው።

ዘቢደር፦ ስንፍና አይደለም፣ ጋሼ። የቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። እያንዳንዷ እርምጃ ታርደዋለች።

ጓንጉል፦ ይረደዋ! ሕመሙ የወንድሜን ዓይን ይመልስልኛል?

ዘቢደር፦ ጋሽ ጥላዬ የተመቱት የት ነው?

ጓንጉል፦ ሦስተኛው ላይ፣ ብረት የተከመረበት።

ዘቢደር፦ ሲደርሱ መክትስ?

ጓንጉል፦ ደረጃው ላይ ተጋድሞ! ሁለተኛውን ፎቅ አልፎ፣ ሽንቱን ለቆ፣ ጥፍሩ ተነቅሎ ደም በደም ሆኖ። በርግጫ አንከባልዬ አወረድኩት!

ዘቢደር፦ ማን ተሸክሞ አወጣው?

ጓንጉል፦ ማን ይሸከመዋል! ራሱ ነው እንጂ...

ዘቢደር፦ አንዲት ደረጃ አልረገጠም አላሉኝም?

ጓንጉል፦ (ወደ መክት ጥፍር ጎንበስ ብለው) በዚህ ወገቡ? ጥላዬ ጋ ሊደርስ?

ዘቢደር፦ መርፌውን ላምጣ?

ጓንጉል፦ ይሄን መጥረቢያ ከእጄ ንጠቂኝ! ንጠቂኝ አልኩሽ! ...በየት በኩል ባቅፈው ነው የማያመው?